ከመቶ አራት እጅ የሚጎድለው ቤት

ይህ የእህቴ ቤት የዘጠኝ ወር ታሪክ ነው። እንዲጻፍ የፈቀደችው ራሷ ናት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስሜን ተወው፤ ከቁጥሩ ግን አንዱንም አትደብቅ።» ስለዚህ ስም አልጠራም፣ ቁጥር ግን አልሸሽግም። የቤቱን አማካይ የሳምንት ገቢ 100 እጅ ብዬ ሌላውን ሁሉ በዚያ እለካለሁ። በየትኛውም ገንዘብ የሚገበያይ ሰው የራሱን ቤት ከዚህኛው ጋር ማስተያየት እንዲችል ነው።

በቤቱ አምስት ሰዎች አሉ። ባለቤቷ ግንባታ ላይ የሚውል የቀን ሠራተኛ ነው። እሷ እቤት ተቀምጣ ልብስ ትሰፋለች። ትልቋ ልጅ የ14፣ ተከታዩ ወንድሟ የ9፣ ትንሹ የ4 ዓመት ልጆች ናቸው። የሳምንት ገቢው 100 እጅ ነው የምለው አማካይ አውጥቼ ነው እንጂ ልክ እንደዚያ ሆኖ የገባበት ሳምንት ጥቂት ነው። ሥራ በተገኘበት ሳምንት 130 ይደርሳል፤ ዝናብ ወይም የዕቃ እጥረት ግንባታውን ባቆመበት ሳምንት ወደ 70 ይወርዳል።

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከእሷም በስድስት ዓመት አንሳለሁ። የአራጣ ዕዳ እንዳለባት በሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት በቤቱ ውስጥ የሚባክን ነገር እንዳለ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። አልተቆጣችም። «እኔ ስፈልገው ዓመት ሆኖኛል፣ ወንድምዓለም» አለችኝ። «አንተ ደግሞ ና ፈልገው። ካገኘኸው ሁለታችንም እናርፋለን።»

ደብተሩ

በዚያው ሳምንት አንድ ደብተር ገዛን። ከቤቱ የወጣ ገንዘብ ሁሉ፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ማታ ከመተኛት በፊት ይጻፋል፤ ምን እንደተገዛ፣ በመጠን ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንት እንደተከፈለበት፣ በጥሬ ገንዘብ ይሁን በዱቤ። ጸሐፊዋ ትልቋ ልጅ ሆነች። ለአራት ሳምንት በአኗኗራቸው ላይ ምንም እንዳይቀይሩ ለመንኳቸው። ሰው ወጪውን መጻፍ ሲጀምር ወዲያው ለመቀነስ ይቸኩላል፤ እንዲያ ከሆነ ደብተሩ የሚይዘው የቤቱን እውነተኛ ኑሮ አይሆንም። መጠኑ እንዲጻፍ አጥብቄ የጠየቅሁት ደግሞ ከልማድ የተነሳ ነበር፤ በሥራዬ ብዛትና ዋጋ ጎን ለጎን ካልተጻፉ ሒሳብ አይባልም። ኋላ ላይ ቤቱን ያዳነችው ይህቺ አንዲት ዓምድ ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እየሄድኩ እደምር ነበር። የአራቱ ሳምንት አማካይ ይህን ይመስላል። ምግብ 55 እጅ፣ የቤት ኪራይ 18፣ ማገዶና ኤሌክትሪክ 9፣ መጓጓዣ 6። የአራጣው ወለድና በዱቤ ምክንያት የሚመጣው ጭማሪ 5። ሳሙና፣ መድኃኒት፣ ልብስና የማኅበራዊ ኑሮ ግዴታ ተደምረው 5። የትምህርት ቤት ወጪ 3፣ ስልክ 3። ድምሩ 104 ነው። ቤቱ በየሳምንቱ ከመቶ አራት እጅ ይጎድለዋል፤ ጉድለቱንም የሚሞላው አዲስ ብድር ነው።

ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል በ1857 (እ.ኤ.አ.) የቤልጅየም ሠራተኞችን የቤት ወጪ መርምሮ፣ ቤተሰብ ድሃ በሆነ መጠን ከገቢው ላይ ምግብ የሚወስደው ድርሻ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል። ስለዚህ 55 እጅ ለምግብ መዋሉ አላስደነቀኝም። ያስደነቀኝ ሌላ ነው። በአራቱ ሳምንት ዝርዝር ውስጥ «ይህስ ባይገዛ ምን ነበረበት» የምለውን ዕቃ ፈለግሁ። ያገኘሁት ለትንሹ ልጅ የተገዛች አንዲት የላስቲክ ኳስ ነበረች። ሌላ የለም። እህቴ እውነቷን ነበር። የማያስፈልግ ዕቃ ወደዚያ ቤት አይገባም። ገንዘቡ የሚፈስሰው ዕቃው በሚገዛበት መንገድ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ገና ዕቃውን እንጂ መንገዱን አልተመለከትኩም።

በአምስተኛው ሳምንት

አራቱ ሳምንት ሲያበቃ «እንግዲህ ከዚህ ወዲያ የሚቀነሰውን እየቀነሳችሁ ጻፉ» ብዬ ሄድኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደምር የምግብ ወጪ ከ55 ወደ 47 ወርዷል። ደስ አለኝ። ዋጋ ረክሶ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ አልረከሰም። በምን ተቀነሰ ብላቸው አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። ልጅቱ ደብተሩን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝም ብላለች። ስወጣ እስከ በር ተከትላኝ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አጎቴ፣ እማዬ ቁርስ መብላት ትታለች። ማታም እኛ ከበላን በኋላ የተረፈውን ነው የምትበላው» አለችኝ።

ተመልሼ ገባሁ። «እታለም፣ ይህ ቁጠባ አይደለም» አልኳት። «ቀንሱ አልከን» አለችኝ። «እኔ ልቀንስ የምችለው የራሴን ነው።»

ይህን ስጽፍ አሁንም ልቤ ይከብዳል። በሒሳብ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት የወረደ ወጪ አይቼ የደነገጥኩበት ጊዜ አልነበረም፤ ያን ማታ ግን ደነገጥኩ። በወረቀት ላይ ሲታይ እኮ ድል ነበር። የእናት ረሃብ በቤት ሒሳብ ላይ ሲጻፍ «ቁጠባ» ተብሎ ነው የሚነበበው፤ ከዚህ የከፋ የቁጥር ውሸት አላውቅም። ጠለቅ ብለን ስናይ ደግሞ ቁጠባም አልነበረም። በዚያ ሳምንት የሰፋችው ከወትሮው ያነሰ ነው፤ ጉልበቷ ደክሞ አንድ ልብስ አበላሽታ ጨርቁን ከራሷ ተክታለች። ከገበታው ላይ የተቀነሰው 8 እጅ አብዛኛው በሌላ በር ወጥቶ ሄዷል።

የመጀመሪያውን ደንብ የጻፍነው ያን ዕለት ነው፦ ከገበታ ላይ የሚቀነስ የለም። በደብተሩም ላይ አንድ ዓምድ ጨመርን፤ በቀኑ እያንዳንዱ ሰው ስንት ጊዜ እንደበላ ይጻፍበታል። የቤት ወጪውን መከታተል ለሚጀምር ሰው ሁሉ የምለምነው ይህንን ነው። የምግብ ወጪ ሲወርድ «እንዴት?» ከማለትህ በፊት «መብላት የተወው ማን ነው?» በል።

ሁለቱ ዕዳዎች

ቤቱ ሁለት ዓይነት ዕዳ ነበረበት። አንደኛው የአራጣው ነው። ስንጀምር 150 እጅ ነበር፤ በአራቱ ሳምንት ጉድለት ምክንያት 166 ደረሰ። ወለዱ በወር ከመቶ አሥር ነው። በወር ከመቶ አሥር ሲባል ለጆሮ ትንሽ ነገር ይመስላል። ወለዱ ሳይከፈል በዋናው ላይ እየተደመረ ቢሄድ ግን መቶው በዓመቱ ከ313 በላይ ይሆናል። ሁለተኛው የባለሱቁ ዱቤ ነው፤ ሃያ እጅ ብቻ። ወለድ የለውም። ባለሱቁም ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ሳምንት በመጣ ቁጥር ልጆቹ ጦማቸውን እንዳያድሩ ያደረገው እሱ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ለእህቴ ያልታሰበ ሥራ መጣላት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የተማሪዎች ደንብ ልብስ እንድትሰፋ ታዘዘች፤ ከተለመደው ገቢዋ ውጪ 40 እጅ አገኘች። እኔ ሳላመነታ ገንዘቡ ሁሉ ለአራጣው ይግባ አልኩ። ወለድ የሚበላው ዕዳ መጀመሪያ ይከፈላል፤ የተማርኩት ይህንን ነው። እሷ እንቢ አለች። «ባለ አራጣው በወር አንድ ጊዜ ነው የሚያየኝ፤ ባለሱቁ በየቀኑ ያየኛል። በእጄ ገንዘብ ኖሮ እንኳ ሌላ ቦታ ሄጄ መግዛት አልችልም፤ ዕዳውን ሳልከፍል በደጁ የሌላ ሱቅ ዕቃ ይዤ እንዴት አልፋለሁ?»

ቤቴ ሄጄ ደብተሩን እንደገና አገላበጥኩ። ልጅቱ መጠኑን ስለጻፈችው በዱቤ የተወሰደውን እያንዳንዱን ዕቃ በጥሬ ገንዘብ ቢገዛ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር ማስተያየት ቻልኩ። በዱቤ ስለተወሰደ ብቻ የተጨመረው ልዩነት በሳምንት አንድ ተኩል እጅ ነው፤ በወር ወደ ስድስት ተኩል ይጠጋል። በሃያ እጅ ዕዳ ላይ በወር ስድስት ተኩል ማለት ከመቶ ሠላሳ በላይ ነው። የባለ አራጣውን ሦስት እጥፍ! ወለድ ተብሎ ስላልተጠራ ወለድ መሆኑን አላየሁትም ነበር። እህቴ ሒሳቡን አልሠራችውም፤ ከእሱ ጋር ስለምትኖር ግን ክብደቱን ታውቀው ነበር።

በማግስቱ ሃያው እጅ ለባለሱቁ ተከፈለ። እስከ ዛሬም ደንበኛው ናት፤ አንዳንድ ነገር ከእሱ ትገዛለች፤ በጥሬ ገንዘብ፣ ዋጋ ጠይቃ፣ ካልተስማማት ትታ እየሄደች።

ትንሽ በትንሽ መግዛት

የቀረው ሃያ እጅ ምን እንደሠራ ለማስረዳት ቤቱ እንዴት ይገዛ እንደነበር መናገር አለብኝ። ዘይት በትንሽ ስኒ፣ ዱቄት በግማሽ ኪሎ፣ ጥራጥሬ በጣሳ፣ ስኳር በትንሽ ፌስታል፤ የዛሬው ለዛሬ፣ የነገው ለነገ። ከ55 የምግብ ወጪ ውስጥ ለእነዚህ ለማይበላሹ ዕቃዎች የሚወጣው 24 እጅ ነበር። የተከፈለውን ዋጋ ለመጠኑ እያካፈልኩ ከትልቁ መያዣ ዋጋ ጋር ሳነጻጽረው በአማካይ በሩብ ይበልጣል። በትልቁ ቢገዛ ኖሮ ያው ምግብ 19 እጅ ገደማ ይፈጅ ነበር። ከአምስት ጥቂት የሚያንስ ልዩነት ነው። የቤቱ ጉድለት አራት መሆኑን አስታውሱ።

እህቴ ይህን አታውቅም ነበር? ታውቃለች። ሁሉም ድሃ ያውቀዋል። የጀሪካኑ ዘይት ከስኒው እንደሚረክስ ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የጀሪካኑን ዋጋ በአንድ ቀን መያዝ ነው። የቀን ገቢ በሚገባበት ቤት ያ ገንዘብ በአንድ ቀን ተሰብስቦ አይገኝም። ስለ ቁጠባ የሚሰጡ ምክሮች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቀልዱብናል፤ «በብዛት ግዙ» ይላሉ፣ የመጀመሪያው ጀሪካን ከየት እንደሚመጣ ግን አይናገሩም።

የእኛ የመጀመሪያ ጀሪካን የመጣው ከደንብ ልብሱ ነው። ሃያው እጅ ለአምስት ሳምንት የሚበቃ ዘይት ገዛ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሰንሰለት ነው። ቀድሞ ለስኒ ዘይት በየሳምንቱ ይወጣ የነበረው ገንዘብ አሁንም ይወጣል፤ የሚሄደው ግን ወደ ሱቅ ሳይሆን ክዳን ወዳላት አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በጣሳው የተጠራቀመው ጥራጥሬውን በብዛት ገዛ። ሁለቱ ተባብረው ዱቄቱን፣ ሦስቱ ተባብረው ስኳሩን ገዙ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት አራቱም ዕቃዎች በትልቁ ይገዙ ነበር፤ ከደንብ ልብሱ ገንዘብ በቀር ከውጭ የተጨመረ የለም።

ያለ ጥፋት አልሄደም። ዱቄቱን ስንገዛ ተስገብግበን ከስምንት ሳምንት በላይ የሚቆይ ወሰድን፤ ሩብ ያህሉን ነቀዝ በላው። ከዚያ ወዲህ ከአራት ሳምንት የሚበልጥ አይገዛም፤ የሚቀመጠውም ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ነው፣ አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ አይነካም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ትልቁ የስኳር ከረጢት በኪሎ ሲሰላ ከመካከለኛው የሚወደድ ሆኖ አገኘነው፤ ስለዚህ ማካፈሉን ሳትሠራ ልጅቱ ምንም አታስገዛም። ከሁሉ የረቀቀው ግን የእጅ ነገር ነው። ትልቁ ጀሪካን በቤቱ ሲቀመጥ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ፤ ሙሉ ዕቃ ባለበት እጅ ይፈታል። እህቴ መላ አገኘችለት። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ልክ በትንሽ ጠርሙስ ትቀዳለች፤ ጀሪካኑም ከአልጋ ሥር ገብቶ እስከሚቀጥለው ሰኞ አይወጣም።

ከእሳቱና ከድስቱ

ማገዶና ኤሌክትሪክ ከ9 ወደ 6 ተኩል የወረደው ብዙ ሳያለፋን ነው። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ በባሕር ወለል ከፍታ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ከፍ ባለ ቦታም ከዚያ ዝቅ ይላል። የሚጨመረው እሳት ውሃውን እንፋሎት ከማድረግ በቀር ለምግቡ የሚጠቅመው የለም። ስለዚህ ከፈላ በኋላ እሳቱ ይቀነሳል፣ ድስቱም ይከደናል። ጥራጥሬ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በማግስቱ የሚበስልበት ጊዜ በጣም ያጥራል። የሚቀጥለው ግን ለእኔም አዲስ ነበር፦ ድስቱ በደንብ ከፈላ በኋላ ክዳኑ ሳይነሳ ከእሳት ይወርድና በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ቀሪውን በራሱ ሙቀት ይበስላል። አንድ ጥንቃቄ አለው። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ የሚያሳምም ንጥረ ነገር ስላለበት፣ ከመጠቅለሉ በፊት ተንተክትኮ መፍላት አለበት እንጂ ለብ ብሎ መቀመጥ የለበትም።

ከማገዶው ይልቅ የተከራከርንበት የሚደፋው ምግብ ነው። እህቴ «በእኔ ቤት ምግብ አይደፋም» ብላ ነበር፤ ደብተሩ ግን በሳምንት ሦስት እጅ የሚያህል እንደሚደፋ አሳየ። አልተዋሸም፤ አልታየም እንጂ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ በአንድ ሰው ሲሰላ ከቤት የሚደፋው ምግብ በሀብታምና በመካከለኛ ገቢ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 7 ኪሎ ብቻ መሆኑን ገልጿል። የሚደፋው ሀብታም ብቻ ነው የሚለው እምነት ልክ አይደለም ማለት ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም ይባላል፤ እህቴ ግን ማገዶ ለመቆጠብ ብላ የሁለት ቀን ምግብ ባንድ ጊዜ ትሠራ ነበር። የማገዶው ቁጠባ ምግቡን እያበላሸው ነበር። አሁን ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን በስኒ ለክታ ነው የምትሠራው፤ ከሦስቱ እጅ ሁለት ተኩሉ ቀርቷል።

አምፖሉን ሳልጠቅስ አልለፍ። ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በቀን አራት ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ያንኑ ብርሃን የሚሰጥ ባለ 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ግን 1.08 ብቻ። እህቴ ማታ ማታ ስለምትሰፋ የመጀመሪያው አምፖል የተቀየረው ከስፌት መኪናዋ በላይ ያለው ነው። ስልኩም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመሙላት በወር አንድ ጊዜ ወደሚገዛ ጥቅል ተዛውሮ ከ3 ወደ 2 ወረደ።

እግርና ጫማ

በስምንተኛው ሳምንት የእህቴ ባል «መጓጓዣውን እኔ እተወዋለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» አለ። ሐሳቡ የሚያኮራ ነው፤ ውጤቱ ግን አልሠመረም። ጠዋት ረጅም መንገድ ተጉዞ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የሚሸከም ሰው ጉልበቱን ሁለት ጊዜ ነው የሚሸጠው፤ የሚከፈለው ግን አንድ ጊዜ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወገቡን አሞት ሁለት ቀን ከሥራ ቀረ፤ የሁለት ቀን ደመወዙ የሳምንታት መጓጓዣ ይሸፍን ነበር። አሁን ጠዋት ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ማታ ካልደከመው በእግሩ ይመለሳል። ከመጓጓዣው የተረፈው አንድ እጅ ነው፤ ይብቃ።

ጫማውም አለቀ። ሁልጊዜ ርካሹን ይገዛ ነበር፤ በሦስት ወር ይቀደዳል። ዋጋው እጥፍ የሆነውና ጫማ ጠጋኝ ሶሉን ሊቀይርለት የሚችለው ግን ከዓመት በላይ ይሄዳል። ዋጋውን ለሚያገለግልበት ወር አካፍሉት፤ ርካሹ ይወደዳል። ይህም እንደ ጀሪካኑ ነው፤ ማወቁ አይከብድም፣ የሚከብደው ዋጋውን ባንድ ጊዜ መያዝ ነው። ከጣሳው ተወስዶ ተገዛለት። የልጆቹም ጫማ በየተራው ታየ። የእህቴን ጫማ ግን ማንም አላነሳም፣ እኔም ጭምር።

ክፉ ሳምንት ሲመጣ

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቤቱን የጎዱት ውሳኔዎች ሁሉ የተወሰኑት ገቢው ወደ 70 በወረደበት ሳምንት ነው። አራጣው የተወሰደው በእንደዚያ ያለ ሳምንት ነው፤ ቁርስ የቀረውም፣ በእግር መሄድ የተጀመረውም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና ከምርት በኋላ ፈትኖ ነበር። እነዚያው ሰዎች ከምርት በፊት፣ እጃቸው ባጠረ ጊዜ፣ በማሰብ ችሎታ ፈተና ያመጡት ውጤት ከምርት በኋላ ካመጡት ያነሰ ነበር። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የገንዘብ ጭንቀት ሐሳባቸውን ያዘው እንጂ።

ስለዚህ ውሳኔን ከክፉው ሳምንት አውጥተን ወደ ደህናው ሳምንት አዛወርነው። ባለ 70 ሳምንት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ቀድሞ ተጽፎ በደብተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል፤ ምን እንደሚበላ፣ የትኛው ክፍያ እንደሚዘገይ፣ ከጣሳው እስከ ምን ያህል እንደሚወሰድ። በደህናው ሳምንት ደግሞ ከ100 በላይ የገባው ሁሉ ወደ ጣሳው ይገባል፤ ቤቱ ባለ 130 ሳምንት ላይም ቢሆን በ100 ነው የሚኖረው። ይህን መቀበል የከበደው ባልየው ነበር። በደከመበት ሳምንት ለልጆቹ የተለየ ነገር ይዞ መግባት ይወዳል፤ እኔም ተው ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ትንሽ ተወሰነለት፤ ስሙም በደብተሩ ላይ «የአባዬ» ተብሎ ተጻፈ።

ዕዳው

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወጪው ከ104 ወደ 91 ወርዷል። በብዛት ከመግዛት 4.8፣ ካልተደፋው ምግብ 2.5፣ ከማገዶ 2.5፣ ከስልክ 1፣ ከመጓጓዣ 1 እጅ ተገኘ፤ በዱቤ ይከፈል የነበረው ጭማሪም ቀረ። ከተገኘው ላይ ሁለቱ እጅ ለትንሹ ልጅ ወተት ዋለ። ይህን ያዘዘችው እህቴ ናት፤ ዕዳ እያለብን ወተት መጨመር ትክክል ነው ወይ ብላ የጠየቀችውም ራሷ ናት። ትክክል ነው። የአራት ዓመት ልጅ ዕዳው እስኪያልቅ ማደጉን ሊያቆይ አይችልም።

ሰባት እጅ ተረፈ። ባለ አራጣው ዋናውን ጥቂት በጥቂት ለመቀበል ተስማማ፤ እያንዳንዱ ክፍያ በጽሑፍ ሆኖ ሁለቱም ይፈርማሉ። በየሳምንቱ ሁለት እጅ ለክፉ ቀን ይቀመጣል፣ የቀረው አምስት ወለድ ሆኖ ይወጣ ከነበረው ጋር ተደምሮ ወደ ዕዳው ይሄዳል፤ የሚከፈለው ልክ አይለዋወጥም። ዋናው በቀነሰ ቁጥር ወለዱ ይቀንሳል፤ ያ የቀነሰው እንደገና ዋናውን ይበላል። በመጀመሪያው ወር 166 የነበረው ወደ 145 ገደማ፣ ከዚያ 121፣ 95፣ 66፣ 35 እያለ ሄደ። ስድስት ወር ፈጀ። ወለዱን ብቻ እየከፈሉ ቢቀጥሉ ኖሮ በእነዚያው ስድስት ወራት ወደ መቶ እጅ የሚጠጋ ገንዘብ አውጥተው ዛሬም 166 ዕዳ ይኖርባቸው ነበር።

በመካከሉ ትንሹ ልጅ ታመመ። ሕክምናው አሥራ አምስት እጅ ወሰደ። ያ ገንዘብ ለክፉ ቀን ከተቀመጠው ላይ ወጣ፤ የአራጣው ክፍያም አንድ ሳምንት አልዘለለም። እህቴ ከዘጠኙ ወር ሁሉ የምታስታውሰው ያንን ቀን ነው። «ልጁን ታቅፌ ስወጣ የማንንም በር አላንኳኳሁም» ትላለች።

ይህ ሁሉ የማይችለውን ደግሞ መናገር አለብኝ። በዘጠኝ ወር ጥረት ያገኘነው ከመቶ 13 እጅ ነው። ኪራዩ በአንድ ሦስተኛ ቢጨምር ግማሽ ያህሉን ይውጠዋል፤ ባልየው ወገቡን ታሞ ለወር ቢተኛ ሁሉም ይፈርሳል። ገቢያቸው ከዚህ በታች የሆነ፣ የሚታዘዝ የደንብ ልብስ የማይመጣላቸው፣ የሚቀነስ ነገር ጭራሽ የሌላቸው ቤቶች አሉ፤ ለእነሱ «ቆጥቡ» ማለት ስድብ ነው። እህቴን የጠቀማት ምክሬ ብቻ አልነበረም፤ በተገቢው ሰዓት የመጣ አርባ እጅ ነበር። ማንም ለተቸገረ ዘመዱ ሊረዳ የሚያስብ ሰው ያንን አርባ እጅ፣ ያንን የመጀመሪያ ጀሪካን ቢያስብ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

የመጨረሻው ክፍያ የተፈረመው ሐሙስ ቀን ነው። ቅዳሜ ማታ እንደ ልማዴ ሄድኩ። አምስቱም ተቀምጠው አብረው እየበሉ ደረስኩ፤ እህቴም ከመካከላቸው ነበረች። ከበላን በኋላ ልጅቱ ደብተሩን አመጣች። ወደ ዕዳው ይሄድ የነበረው ዘጠኝ እጅ ገደማ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በቤቱ ይቀራል፤ ለምን ይዋል የሚለውን ልንነጋገርበት ነው። ባልየው ስለ ኪራዩ አነሳ፤ እኔ ስለ መጠባበቂያው አነሳሁ። ልጅቱ ማንንም ሳትጠይቅ አዲስ ገጽ ገልጣ ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩም በመጀመሪያው መስመር ላይ «የእማዬ ጫማ» ብላ አሰፈረች።